ስለ ፎቶግራፍ ቀለምና ስለ እናታችን ቀሚስ

በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለን የሚያሳስበን የመዝገብና የደብዳቤ ነገር ነበረ። ጡረታ ከወጣን ወዲህ ግን ቀኑ ስለ ረዘመብን፤ ልጃችን ትቶልን የሄደውን ኮምፒዩተር ከፍተን በፎቶግራፍ ማረሚያ ፕሮግራም እጃችንን ማፍታታት ጀመርን። በመጀመሪያ የተጣመመውን ማቅናት፤ የጨለመውን ማብራት ተማርን። ቀጥሎም ከዚህ ጥበብ ሁሉ ልባችንን አብልጦ የሳበውን አገኘን፤ ይኸውም ፎቶግራፉን በሙሉ ጥቁርና ነጭ አድርጎ ከውስጡ አንዱን ነገር ብቻ በተፈጥሮ ቀለሙ ማስቀረት ነው።

አንባቢዎቻችን ይህንን ዐይነት ሥዕል ሳያዩት አይቀሩም። በፎቶግራፍ ቤት መስኮትና በሠርግ አልበም ውስጥ፤ ሙሽሮቹ አመድ መስለው ከሙሽራይቱ እጅ ያለው ጽጌረዳ ብቻ ደም መስሎ ሲቀላ ይታያል። ያምራል የሚሉ አሉ፤ የሕፃን ጨዋታ ነው የሚሉም አሉ። እኛ ያምራል ከሚሉት ወገን ነበርን፤ ዛሬም ፈጽመን አልከዳናቸውም። ነገር ግን ይህ ጨዋታ በ2016 ዓ.ም. በቤታችን ውስጥ ያመጣብንን ሳንጽፈው ብንቀር፤ እንደ እኛ ጡረታ ወጥቶ ማውስ የጨበጠ ሰው ሁሉ በዚያው ጕድጓድ ይወድቃል ብለን ፈራን።

በዚያ ዓመት በጥር ወር ልጃችንን ዳርን። ከተነሡትም ፎቶግራፎች አንዱ ከሁሉ አብልጦ ደስ አሰኘን፤ በግቢያችን ውስጥ ከድንኳኑ በር የተነሣ ነው። ሙሽሮቹ በመካከል ቆመዋል፤ እኛና ባለቤታችን በቀኝ፤ እናታችን ደግሞ በግራ በወንበር ተቀምጠዋል። እናታችን ያን ቀን የለበሱት ቀሚስ ሽሮ ሜዳ የተሠራ ነው። ስለዚህ ቀሚስ ወደ ሸማኔው ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ የጥለቱን ክር፤ ቀዩንና አረንጓዴውን በእጃቸው ዳስሰው መርጠው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲሄዱ አዝዘው፤ «ከእንግዲህ ሌላ ቀሚስ አላሠራም፤ ይህ የልጅ ልጄ ሠርግ ነው» ብለው ነበር። ይህንን ሁሉ እናውቅ ነበር። በኮምፒዩተሩ ፊት በተቀመጥን ጊዜ ግን አንዱም ትዝ አላለንም፤ ዐይናችን ሁሉ የነበረው በጽጌረዳው ላይ ነው።

አሠራሩን ለማያውቀው ሰው እንግለጽለት። ኮምፒዩተር ፎቶግራፍን የሚያውቀው እንደ ጤፍ በደቀቁ ነጥቦች ነው፤ እያንዳንዱም ነጥብ ሦስት ቍጥር አለው፤ አንዱ የቀይ፤ አንዱ የአረንጓዴ፤ አንዱ የሰማያዊ፤ ቍጥሩም ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ከሦስት ብርሃን የቀረውን ቀለም ማውጣት እንደሚቻል፤ የስኮትላንዱ ሊቅ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1861 የአንድ ባለ ጥለት ሪባን ፎቶግራፍ አሳይቶ አስረድቷል። እንግዲህ ሠራተኛው ፎቶግራፉን ገልብጦ ግልባጩን በዋናው ላይ ይደርበዋል፤ ነጠላ በቀሚስ ላይ እንደሚደረብ ማለት ነው። ይህንን ድርብ ባለሙያዎቹ ሌየር ይሉታል፤ በ1990 የወጣው ፎቶሾፕ የተባለው ፕሮግራም ይህንን ያገኘው በ1994 ነው፤ እኛ የምንሠራበትና ገንዘብ የማይከፈልበት ጊምፕ የተባለውም በዚሁ ዐይነት ይሠራል። ከላይ የተደረበው ቀለሙ ፈስሶ ግራጫ ይሆናል። ከዚያም በድርቡ ላይ ማስክ የሚሉትን መጋረጃ ይጥሉበታል። በመጋረጃው ላይ ነጭ የተቀባበት ስፍራ ግራጫውን ያሳያል፤ ጥቁር የተቀባበት ስፍራ ግን እንደ ተቀደደ ይሆንና ከታች ያለው ቀለም ብቅ ይላል። ጽጌረዳውን በጥቁር ቡሩሽ ሲዳስሱት ይቀላል፤ እጅ ስቶ የሙሽራይቱ ጣት ላይ ቢደርስ፤ ነጭ ቀብቶ መመለስ ነው። የማስክ ደግነቱ ይህ ነው፤ ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም።

ለሰነፍ ሰው ሌላ አቋራጭ አለ፤ ፕሮግራሙን ቀይ የሆነውን ሁሉ እንዲተው፤ የቀረውን እንዲያፈስስ ማዘዝ ነው። እኛም ሞክረነው ነበር። ጽጌረዳው እንዳሰብነው ቀረ፤ ነገር ግን የሙሽራው ከንፈር፤ የእኛ ጉንጭና የወንበሩ እንጨት አብረው ቀሩ። የሰው ቆዳ ጠይምም ይሁን፤ ቀይም ይሁን፤ ነጭም ይሁን፤ መሠረቱ በቀይና በብጫ መካከል ነውና ኮምፒዩተሩ አማችን ከወንበር ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ በእጅ ከመሥራት የተሻለ አላገኘንም።

ሁለት ሌሊት ፈጀብን። የአበባው ጠርዝ ከቬሉ ጋር የሚገናኝበት ስፍራ እጅግ ያስቸግራል፤ ቡሩሹ የደረቀ ጠርዝ ካለው አበባው በመቀስ ተቈርጦ የተለጠፈ ይመስላል፤ ጠርዙ የለሰለሰ ከሆነም ቀዩ ወደ ቬሉ ይፈስሳል። ምስሉን አተልቀን፤ ትንፋሻችንን ይዘን ቅጠል በቅጠል ዞርነው። በሁለተኛው ሌሊት ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ሲያልቅ ደስታችን መጠን አልነበረውም። ፕሮግራሙም «በዚሁ ስም ያለ ፎቶግራፍ አለ፤ ልተካው?» ብሎ ጠየቀን፤ እኛም እንቅልፍ እየጣለን «አዎን» አልነው። ስለዚህ «አዎን» ወደ ኋላ እንመለሳለን።

በማግስቱ በስልሳ በዘጠና ሳንቲ ሜትር አሳትመን፤ በመስተዋት አስገብተን ከሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ዘመድና ጎረቤት እየመጣ አደነቀ። (አድናቂው ሁሉ ቡና ጠጥቶ የሚሄድ ስለ ሆነ፤ የአድናቆቱን ልክ መገመት ያስቸግራል።) እናታችን የመጡት በእሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ከሥዕሉ ፊት ቆመው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደ ገና አዩ። ከዚያም ወደ እኛ ዘወር ብለው፤ «ልጄ፤ በአንድ ዐይን ሣልኸኝ?» አሉን።

ይህንን ቃል ለወጣት አንባቢዎች እንፍታው። በአገራችን በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ኃጥኣን ግን ጐናቸውን ሰጥተው በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ፊደል ያልቈጠረ ምእመን እንኳ በዚህ ምልክት ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ያነባል። እናታችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሥዕልን ያነበቡት በዚህ ሕግ ነው። ሠዓሊ ለአንዱ የሰጠውን ለሌላው ከከለከለ፤ ፈርዷል ማለት ነው።

እኛ ግን በዚያን ጊዜ ሣቅን። «እማዬ፤ ይህ እኮ የሚመለከተው ሰው ዐይን በአንድ ስፍራ እንዲያርፍ ተብሎ የሚደረግ ነው» አልናቸው።

«ታዲያ ዐይንህ እኔ ላይ አያርፍም?» አሉ። ጥቂት ቆይተውም፤ «ጽጌረዳው በሦስተኛው ቀን ጠውልጎ ተጣለ። እኔ አለሁ» አሉን።

በዚያው ግድግዳ ላይ በስተግራ የአባታችን ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ በጐልማሳነታቸው የተነሡት፤ ጥቁርና ነጭ ነው። እናታችን ወደዚያ ተመለከቱ፤ መልሰውም ወደ ራሳቸው ተመለከቱ፤ ሁለቱም አንድ ዐይነት አመድ ናቸው። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ቡናቸውን ጠጡ፤ ስለ ልጆቹ ጠየቁ፤ መርቀውን ሄዱ። ቢቈጡ በተሻለን ነበር። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ባለቤታችን አንድ ቃል ሳይናገሩ ሥዕሉን አውርደው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሙት።

በዚያች ሌሊት ለራሳችን ጥብቅና ቆመን ምስክር እንጠራ ጀመር። የሩሲያው አይዘንስታይን በ1925 በሠራው ስለ ጦር መርከቢቱ ፖተምኪን በሚናገረው ፊልም፤ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን በመርከቢቱ ላይ የሚሰቀለው ሰንደቅ ብቻ በእጅ ቀይ ተቀብቷል። የጃፓኑ ኩሮሳዋ ደግሞ በ1963 በሠራው ፊልም፤ ስለ ታገተ ልጅ የተከፈለው ገንዘብ የነበረበት ቦርሳ ሲቃጠል፤ በግራጫው ከተማ ላይ ከጭስ ማውጫው ሮዝ ጭስ ይወጣል፤ ወንጀለኛውም በዚያ ይታወቃል። በ1993 የወጣው የስፒልበርግ ፊልም «የሺንድለር ዝርዝር» ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ነው፤ በክራኮው የአይሁድ ሰፈር ሰው እንደ ከብት ሲነዳ አንዲት ሕፃን በቀይ ካፖርት ታልፋለች፤ በኋላም ያ ቀይ ካፖርት በሬሳ ጋሪ ላይ ይታያል። ምስክሮቻችንን በዚህ ዐይነት ጠርተን ካቆምናቸው በኋላ ሁሉም በእኛው ላይ መሰከሩ። እነዚያ ሰዎች ቀለሙን የሰጡት ታሪኩ ለተንጠለጠለበት ነገር ነው፤ ያ ቀለም ቢወጣ ታሪኩ ይፈርሳል። የልጃችን ሠርግ ግን የተንጠለጠለው ከአበባ ሻጭ በተገዛ ጽጌረዳ ላይ ነበረን? ከአያቷ ከሰማንያ ዓመት ዕድሜ ላይ፤ ከዚያም ቀሚስ ላይ አልነበረምን?

በማግስቱ ጠዋት ለማረም ተቀመጥን። ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር፤ ማስኩን ከፍቶ የእናታችንን ቀሚስ በጥቁር መዳሰስ ብቻ ነውና። ፋይሉን ስንከፍተው ግን ድርብም የለ፤ ማስክም የለ። ያ በእንቅልፍ ልብ የተናገርነው «አዎን» ሁሉን በአንድ ላይ አጣብቆ በዋናው ፎቶግራፍ ስፍራ አስቀምጦት ኖሯል። ግራጫው ከላይ የተደረበ ነጠላ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ቀሚስ ሆኗል። ፎቶግራፍ አንሺውን ብንጠይቀው፤ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ብዙ እንደማያስቀምጥ ነገረን፤ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእርሱ አይደለም።

ይህ ጥፋት እንዴት እንደማይመለስ የተረዳነው ያን ቀን ነው። ነጥቡን ግራጫ ለማድረግ ብዙ ፕሮግራሞች የሚከተሉት የቆየ ስሌት፤ ከሺሕ እጅ ከቀዩ 299፤ ከአረንጓዴው 587፤ ከሰማያዊው 114 ወስዶ በአንድ ላይ ይደምራል፤ የሰው ዐይን ለአረንጓዴ ብርሃን አብልጦ ይነቃልና። ቀይ 200፤ አረንጓዴ 50፤ ሰማያዊ 50 የሆነ ነጥብ ደኅና ቀይ ነው፤ በዚህ ስሌት 95 ይወጣል። ቀይ 30፤ አረንጓዴ 135፤ ሰማያዊ 60 የሆነ ነጥብ ደግሞ ደኅና አረንጓዴ ነው፤ እርሱም ክፍልፋዩን ትተን 95 ይወጣል። እንዲህ ሆኖ እናታችን ጎን ለጎን ይሂዱ ብለው ያዘዟቸው ሁለቱ ክሮች በኮምፒዩተሩ ውስጥ አንድ ክር ሆኑ። ምስሉን ብናተልቀውም ጥለቱ አንድ ወጥ የሆነ የአመድ መስመር ነው፤ የሸማኔው ድካም አይታይም። ሦስት ቍጥር አንድ ከሆነ በኋላ አንዱ ወደ ሦስቱ አይመለስም። ግራጫን አይቶ ቀለም የሚገምት ፕሮግራም በዚህ ዘመን አለና በእርሱም ሞከርን፤ ለጥለቱ የደበዘዘ ሰማያዊ ሰጠው። የሌላ ሴት ቀሚስ አለበሰብን።

ስለዚህ የቀረን የጥንቱ መንገድ ነው፤ በእጅ መቀባት። ፎቶግራፍ በ1839 ለዓለም ከተገለጸ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሰዎች ግራጫውን በቡሩሽ ያቀልሙት ጀመር፤ በ1860ዎቹም በጃፓን አገር በዮኮሃማ ፌሊቼ ቤያቶ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ የአገሩን ሠዓሊዎች ቀጥሮ ኪሞኖውንና አበባውን ያስቀባ ነበር። የዛሬው ፕሮግራም ይህንኑ በድርብ ያሠራል፤ በላይኛው ድርብ ላይ ቀለም ብቻ ይቀባል፤ ብርሃኑና ጥላው ከታችኛው ይወሰዳል። የወንድማችን ልጅ በሠርጉ ቀን በስልኩ ያነሣትን ትንሽ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ላከልን፤ ቀለሙን ለመምሰል ትረዳለች፤ ነገር ግን እጅግ ታንሳለችና የጥለቱን መስመር አታሳይም።

አፍረን ወደ እናታችን ቤት ሄድን፤ የሆነውንም ሁሉ ተናገርን። ሰምተው ሲጨርሱ ተነሥተው ሣጥናቸውን ከፈቱና ቀሚሱን ከነ እጣኑ ሽታ አውጥተው በክንዳችን ላይ አኖሩት። «እኔም እመጣለሁ፤ አንተ ብቻህን ታበላሸዋለህ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ምሽት በኮምፒዩተሩ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቀሚሱ በእናታችን ጉልበት ላይ ተዘርግቷል። እርሳቸው በጣታቸው ክሩን ይቈጥራሉ፤ እኛ በማውስ እንከተላለን። «ቀይ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ፤ ከዚያ ቀጭን ቀይ። ቆይ፤ እዚህ ላይ በተቀመጥሁበት ተጣጥፏል፤ አረንጓዴው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አትቀባው» ይሉናል። ለካስ ያ እጥፋት እንዴት እንደ ወደቀ ያስታውሱ ነበር። አረንጓዴውን ስናሳያቸው፤ «ይህ የሣር ነው፤ የእኔ የጌሾ ቅጠል ነው» ብለው አስቀየሩን። አምስት ጊዜ ለወጥነው፤ በስድስተኛው «እርሱ ነው» አሉ።

ፊታቸው ከቀሚሱ ይልቅ አስቸገረን። በመጀመሪያ አንድ ቡናማ ቀለም መርጠን ፊታቸውን ሁሉ ቀባነው፤ እናታችንም አይተው «ጀበና አስመሰልኸኝ!» ብለው እስኪያስላቸው ድረስ ሣቁ። እውነታቸውን ነው። የሰው ፊት አንድ ቀለም አይደለም፤ ግንባር ብርሃን የሚያርፍበት ወደ ብጫ ያዘነብላል፤ ከንፈርና የዐይን ዙሪያ ይቀላል፤ ከአገጭ በታች ያለው ጥላ ይቀዘቅዛል። ይህንን ለማየት የእናታችንን ፊት በመብራት አጠገብ አስጠግተን ለረጅም ጊዜ መመልከት ግድ ሆነብን። ስንት ዓመት ሆኖን ነበር እንዲህ ከተመለከትናቸው? በግራ ቅንድባቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ብናውቃትም፤ ከምን እንደ መጣች የጠየቅናቸው በዚያ ምሽት ነው። ልጅ ሳሉ ውሃ ሲቀዱ ወድቀው ኖሯል።

የእርሳቸው ባለቀ ጊዜ፤ «እንግዲህ ጽጌረዳውን ግራጫ እናድርገውን?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ለምን? አበባው ምን በደለ?» አሉ። ሥዕሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካዩም በኋላ፤ «ሠርግ የተጠራ ሰው ሁሉ ልብሱን ይልበስ» ብለው ፈረዱ።

በዚህ ፍርድ መሠረት ሙሽሮቹን፤ ባለቤታችንን፤ በመጨረሻም ራሳችንን ቀባን፤ ወሩን ሙሉ ፈጀብን። ድንኳኑ፤ ግድግዳውና ወንበሮቹ ግን በግራጫነታቸው ቀሩ፤ እናታችን ስለ እነርሱ አንድም ነገር አልጠየቁም። ስለዚህ ሥዕሉ ዛሬም ከፊሉ ቀለም ከፊሉ ግራጫ ነው፤ ባለሙያ ቢያየው ያው የወደድነው ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። በቀድሞው ስፍራ ሰቀልነው። ዋናውን ፋይል ከነ ድርቡ በሁለት ዲስክ አስቀምጠን አንዱን በእናታችን ሣጥን ውስጥ ከቀሚሱ ጋር አኑረናል።

አሁን ደግሞ እናታችን ከጎኑ ያለውን የአባታችንን ፎቶግራፍ ቀባልኝ ብለው አዝዘውናል። ፊታቸውን ጨርሰናል፤ ሸሚዛቸውም ነጭ ስለ ነበረ አላስቸገረንም። ችግሩ ከረባቱ ነው። እናታችን ሰማያዊ ነበረ ይላሉ፤ ታናሽ እኅታቸው አክስታችን ደግሞ ቡናማ ነበረ፤ እኔው ራሴ ተኩሼዋለሁ ይላሉ። የዚያን ዘመን ፊልም እንደ ኮምፒዩተሩ ብርሃንን እንጂ የቀለምን ስም አይጽፍምና፤ ከፎቶግራፉ የሚገኝ ማስረጃ የለም። ከረባቱም በእጃችን አልቀረም። ባለፈው እሑድ ሁለቱ እኅትማማቾች በቡና ላይ ሲከራከሩ ዋሉ፤ ክርክሩ ከከረባቱ አልፎ ፎቶግራፉ ወደ ተነሣበት ቀን፤ ከዚያም አባታችን ያን ቀን ወዴት ሊሄዱ ለብሰው እንደ ነበረ ደረሰ፤ እኛም ከዚህ በፊት ያልሰማነውን ብዙ ሰማን። ፋይሉ እስከ አሁን እንደ ተከፈተ ነው። ከረባቱ ለጊዜው ግራጫ ነው።